ቀዩ ባንዲራ ሳይሰቀል

መጀመሪያ የሰማሁት ሰንሰለቱን ነው። ገና ዓይኔን አልገለጥኩም። ከታች፣ ከባህሩ በኩል፣ ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ይሰማል። ክርርር ይልና ያቆማል፤ ደግሞ ክርርር። ከዚያ ትራክተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ። ብርድ ልብሱን ወደ ራሴ ሳብኩና ተመልሼ ተኛሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰንሰለት የአባቴ ሥራ ነው፤ በአባቴ ሥራ ደግሞ እኔ አልጨነቅም።

የዚያን ድምፅ ትርጉም የሚያውቅ ሰው ያን ጊዜ እቤታችን ነቅቶ ቢሆን ኖሮ ወንድሜ ላንጋ ዛሬ የልጆች አባት ይሆን ነበር።

አባቴ ሻንዱ የመረብ ጀልባው ሠራተኞች አለቃ ነበር። እኛ መንደር፣ ምዜንጌ፣ ከሆቴሉ ፊት ለፊት፣ ማዕበሉ ከሚሰበርበት ወዲያ ዓመቱን ሙሉ መረብ ተዘርግቶ ይኖራል። ሻርክ ወደ ዋናተኞቹ እንዳይመጣ ነው። ከውሃው በላይ የሚታዩት ቢጫ ተንሳፋፊዎቹ ብቻ ናቸው። እኛ የሠራተኛ ልጆች በዚያ ዳርቻ መዋኘት ከተፈቀደልን ገና ጥቂት ዓመት ነበርና ሕጉን ከፊደል በፊት ነው ያጠናነው። ምሰሶው ላይ ቀይ ባንዲራ ካለ ወደ ቤት። ከሌለ ባህሩ የኛም ነው።

በሰኔ ሰርዲን ይመጣል። ባህሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ይጠቁራል፣ ወፎቹ ከሰማይ እንደ ድንጋይ ይወርዳሉ፣ ዶልፊኑም ሻርኩም ሰርዲኑን ተከትሎ ይግተለተላል። ያን ሰሞን መረቡን ከውሃ ያወጡታል፤ ካልወጣ የመጣው ሁሉ እየታነቀበት ይበጣጥሰዋል። ሰንሰለቱ ሲሚንቶው ላይ የሚጎተተው መረቡ ወደ የብስ ሲወጣ ብቻ ነው። መረቡ ወጣ ማለት ደግሞ ወዲያው ቀዩ ይሰቀላል። ይሄን አሁን ነው በቅደም ተከተል የምናገረው። ያኔ የማውቀው ቀዩን ብቻ ነው።

ላንጋ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከሳምንት በፊት አባቴ ፍየል አርዶለት ነበር፤ ከሳንባ ምች ስለተረፈ ለአያት ቅድመ አያቶቻችን ምስጋና። ከፍየሉ ቆዳ የተቆረጠውን አምባር ቀኝ እጁ ላይ አስረውለታል። እንዲህ ያለ አምባር አይፈታም፣ አይቆረጥም፤ ደርቆ በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ይጠበቃል። እስኪደርቅ ግን ይሸታል።

«ፍየል ፍየል ትላለህ» አልኩት ወደ ባህሩ ስንወርድ።

«አንቺስ? እንደሷ አይደል የምትጮኺው?»

«ለእማ እነግራለሁ!»

«ንገሪ። 'ሜኤኤ' ብለሽ ንገሪ።»

ቅዳሜ ነበር። ጭጋጉ ውሃው ላይ ተኝቷል። ላንጋ ሸሚዙን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለውና ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ። ባዶ ነው።

«ቢጫዎቹ አይታዩም» አልኩት።

«ጭጋግ ነዋ። ደግሞስ የዘረጋው ማን ነው? ባባ አይደለም? ባባ የዘረጋውን ትጠራጠሪያለሽ?»

አልጠራጠርም ነበር። ገባ።

ጮኸ ወይ ብለው ብዙ ሰዎች ጠይቀውኛል። አልጮኸም። «ቶኮ» ብሎ ስሜን ጠራ ብቻ፤ ቤት የረሳውን ነገር እንዳምጣለት ሊጠራኝ እንደፈለገ ሰው፣ በተራ ድምፅ። ከዚያ ውሃው ቀለሙን ለወጠ። ሲያወጡት ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም። አምባሩም አብሮ ሄዷል።

እኛ ዘንድ ሰው ከቤቱ ውጭ ሲሞት ሬሳው ተቀበረ ማለት ቤቱ ገባ ማለት አይደለም። ነፍሱ የወደቀበት ቦታ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። አባት የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ ቦታ ተነሥ ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ እንሂድ ይለዋል፤ እሾሁ ነፍስን ይይዛል። ቅርንጫፉን የያዘ ሰው እቤት እስኪደርስ ከሟቹ በቀር ለማንም አይናገርም። ሰላምታ አይመልስም። መንገድ ቢጠይቁት አያሳይም። በዚህ የሚቀየም የለም፤ ሕፃንም ያውቀዋል።

አባቴ እንቢ አለ።

«ያንን አምባር የዋጠውን ሳላገኝ ላንጋን አላመጣውም» አለ ሽማግሌዎቹ ፊት። «ምን ብዬ ነው የምጠራው? ገዳይህ ከበታችህ እየዋኘ ና እንሂድ ልበለው?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። እናቴ ነጠላ ሻሏን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ግን በአባቴ ኮራሁ። በልጅ ጭንቅላቴ ነገሩ ግልጽ ነበር። አንድ ሻርክ አለ። መረቡን በጥርሱ ቆርጦ የገባ፣ ክንፉ የተቦደሰ ሻርክ። እሱ እስኪገደል ላንጋ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። ብርድ ይሰማዋል። ስለዚህ እሱ ቶሎ መሞት አለበት። የውሃ ጋናችን ላይ ሻርኩን በከሰል ሳልኩት፤ ክንፉን ቦደስኩት፤ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ እተፋበት ጀመር።

ክንፉ የተቦደሰ ሻርክ ያየ ሰው አልነበረም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። መረቡም አልተቆረጠም።

አባቴ መግደል ያዘ። ደንቡ ይታወቃል፤ ሞቶ የተገኘው ተጭኖ ለምርመራ ይሄዳል፣ በሕይወት ያለው ምልክት ተሰክቶበት ይለቀቃል። አባቴ ግን ማንንም መልቀቅ ተወ። ቆመጥ ይዞ ወደ ባህር ይወጣል። ማታ ሲመለስ እጁን ገና ሳይታጠብ «አገኘኸው?» እለዋለሁ፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔም ከሥዕሉ ሥር አንድ ጭረት እጨምራለሁ። ሆዳቸውን ሁሉ ቀዷል። ከአንዱ የመኪና ታርጋ ወጣ፣ ከአንዱ የሕፃን ጫማ፤ ጫማዋን ባየ ጊዜ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። አምባር ግን አልወጣም።

ይሄ ሁሉ ሲሆን የዳርቻው ኃላፊ ያውቅ ነበር። ስሙን እንደሱ ነጭ የሆኑት ሌላ ነገር ይሉታል፤ ሠራተኞቹ ግን ሁለት ትልልቅ ጉልበቶቹን አይተው ማዶሎ ነው የሚሉት፤ በኛ ቋንቋ ጉልበቶች ማለት ነው። እሱም ይወደዋል። በሸንኮራ እርሻ ከሠራተኛ ልጆች ጋር አብሮ ስላደገ ቋንቋችንን ሲናገር ዓይንህን ጨፍነህ ብትሰማው ከኛ አትለየውም። በየማለዳው አንድ ሰዓት ሲሆን በቁምጣ ይመጣል፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ ቀኝ ጫማው ውስጥ ይከተዋል፣ ይዋኛል። ለኔ ካራሜላ አያጣም። ባንዲራው መቼ እንደሚሰቀል፣ ሰርዲኑ ድንገት ካልቀደመ መረቡም መቼ እንደሚወጣ የሚያዘው እሱ ነው።

ለልቅሶ መጥቶ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እውነተኛ እንባ ነበር፤ አገጩ ላይ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። እናቴ ግን ለመጣው ሁሉ ውሃ ስታቀርብ እሱን ዘለለችው። ምንድን ነው ይሄ ባለጌነት ብዬ በእናቴ አፈርኩ። ተደብቄ ራሴ ውሃ ቀድቼ ሰጠሁት። «ተባረኪ ቶኮ» አለኝ፤ ብርጭቆውን ጨልጦ መለሰልኝ።

ያንን ብርጭቆ ዛሬ ባገኘው እሰብረዋለሁ።

ከወራት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲገባ፣ አባቴ ከትምህርት ቤት መልስ ጠራኝ። «ነይ አንዴ» አለኝ፤ ወደ ጀልባው መውጫ ሲሚንቶ ወሰደኝ። ትልቅ ሻርክ ተጋድማለች። ጥርሶቿ አፏ ስላልበቃቸው ወደ ውጭ ተንጨባርረዋል። ትተነፍሳለች፤ ጉንጯ ላይ ያሉት ስንጥቆች ይከፈታሉ ይዘጋሉ። የዓይኗ መጠን የእናቴን የኮት ቁልፍ ያህላል። ማዶሎ እጁን ኪሱ ከቶ ወደ ጎን ቆሟል።

አባቴ ቆመጡን ሰጠኝ። «ምቺ። ለወንድምሽ ነው።»

«እሱ ነው?»

ጣቶቼን ቆመጡ ላይ አጠበቀልኝ።

«ልጅቷ ትምታ ሻንዱ» አለ ማዶሎ። «ተዋት፣ ልቧ ይውጣላት።»

መታኋት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ መቁጠር አቆምኩ። ጣፋጭ ነበር፤ አልዋሽም። የላንጋ ሸሚዝ ትከሻዬ ላይ ከቀረበት ቀን ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር በክንዴ በኩል ሲወጣ ይሰማኛል። ማዶሎን በዚያች ሰዓት ከአጎቶቼ ሁሉ አስበልጬ ወደድኩት፤ አንድ ቃል ብሎ ሊያስቆመን የሚችል እሱ ብቻ ነበር፣ እሱም አላስቆመንም።

አባቴ ሆዷን ሲቀድ አጠገቡ ተንበረከክሁ። አምባሩን እኔ ማግኘት እፈልግ ነበር። እጄን ሰደድኩ። የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሁለት ግልገሎች ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው ከክንዴ የሚረዝሙ፣ ዓይናቸው የተገለጠ። አንደኛዋ አፏን ጣቴ ላይ ከፍታ ዘጋች፤ ልክ ሕፃን እንደሚይዝ።

«ባባ፣ እነዚህስ?»

አባቴ ቢላዋውን በቁምጣው ጠርጎ ተነሣ። «ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለ።

ያ ዓይነት ሻርክ ሰው አይበላም። ጥርሱ ያስፈራል እንጂ ለዓሣ ብቻ ነው የተሠራው። ይህን ከመጽሐፍ ያገኘሁት በሃያ ዓመቴ ነው። አባቴ ግን በዚያ ባህር ላይ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ ቆመጡን ሲሰጠኝ ያውቅ ነበር። ማዶሎም ያውቅ ነበር። የፈለግነውን ያህል ሻርክ ይሰጠን ነበር፤ ወደሱ እንዳንዞር።

በዚያ ማታ ሰሃን ሳጥብ በግድግዳው በኩል የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ደግሞ ልጄን አስገደልካት? ሠላሳ ገደልክ ሻንዱ። ሠላሳ! ዓሣ ባንዲራ ይሰቅላል? ዓሣ 'እስከ አራት ሰዓት ጠብቅ' ይላል?»

«ዝም በይ ማቼሌ።»

«ዝም ያልከውስ አንተ ነህ። 'እሺ አለቃ' ያልከው አንተ ነህ። ልጄ ውሃ ውስጥ ቆሞ አንተ አፍ የሌለውን ትደበድባለህ።»

«እንጀራችን ነው። ምን ልበለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ዓሣውን እንዴት እንደምትመታው አይተናል። ሰውየውን ደግሞ አሳየን።»

እኔ የገባኝ እናቴ ለዓሣ አዘነች ነው። ለላንጋ ሳታዝን ለዓሣ! ሰሃኑን በንዴት አጋጨሁት።

እውነቱን እናቴ የነገረችኝ አባቴ ከሞተ በኋላ፣ ባቄላ እየፈለፈልን ሳለ ነው። ቀና እንኳ አላለችም። በዚያ ቅዳሜ ሆቴሉ ለእንግዶቹ የዋና ውድድር አዘጋጅቶ ነበር፤ ዋንጫ ያለው፣ ከጆሃንስበርግ ድረስ የመጡበት። ሰርዲኑ ቀደመ፤ መረቡ ጎህ ሳይቀድ ወጣ። አባቴ ቀዩን ልስቀል ወይ ብሎ በሬዲዮ ጠየቀ። ማዶሎም «ውድድሩ እስኪያልቅ ተወው፣ ከአራት ሰዓት በፊት እንዳትሰቅል፤ ለአንዲት ማለዳ ምን ይመጣል» አለው። አባቴ እሺ አለ። ባንዲራውን አጣጥፎ ሳጥኑ ውስጥ መለሰና ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ላንጋ አንድ ሰዓት ላይ ምሰሶውን ቀና ብሎ አየ።

ላንጋ በሞተ በዓመቱ ሰኔ ተመልሶ መጣ።

ሰንሰለቱን ሰማሁት። ክርርር፣ ዝም፣ ክርርር። አሁን ግን ሲሚንቶው ላይ ቆሜ አይቼዋለሁና ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ መረቡ ወጥቷል። ትንሽ ቆይቶ አባቴ ገባ። ሬዲዮውን አጠፋና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። ለላንጋ ክብር ነው አልኩ በሆዴ። የፋሲካ ሸሚዙን ለበሰ። ደጃፍ ላይ፣ ትናንት የተቆረጠ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ተደግፏል።

«ዛሬ እናመጣዋለን» አለ።

እናቴ የላንጋን ክፍል ልትጠርግ መጥረጊያ አንሥታ ነበር። ቆመች።

«መረቡ ወጥቷል?»

«ወጥቷል።»

«ባንዲራውስ?»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ቅርንጫፉን አነሣ። ቅርንጫፉን ካነሣ በኋላ አይናገርም። እናቴ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወደኔ መጥታ የአንገት ልብሴን አጥብቃ አሰረችልኝ።

«ቦታውን የምታውቀው አንቺ ነሽ፤ አሳዪው» አለችኝ። «ከአባትሽ ጋር ነሽ። ቅርንጫፍ የያዘው ካልተናገረ አንቺም አትናገሪም። ሰማሽ? ማንም ቢጠይቅሽ።»

ምርቃት መሰለኝ።

ጭጋጉ እንደዚያው ነበር፤ ልክ እንደ አምናው። ሌሎቹ ሠራተኞች መረቡን ጭነው ወደ መጋዘኑ ሄደዋል፤ አሸዋው ላይ ሰው የለም። ምሰሶው ባዶ ነው። ቦታውን በጣቴ አሳየሁት። አባቴ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቅርንጫፉን ነከረ።

«ላንጋ ልጄ፣ እኔ ነኝ። አባትህ ነኝ። ዘገየሁብህ።»

ድምፁ ተሰበረ። እኔም ማልቀስ ጀመርኩ፣ ያለ ድምፅ፤ ድምፅ የተከለከለ መስሎኝ።

ከኋላችን አሸዋው ተንኮሻኮሸ። ማዶሎ ነው፤ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ።

«ሻንዱ! ከጎህ ጀምሮ ስጠራህ ሬዲዮህ አይሰማም። ሰርዲኑ የት ደረሰ? መረቡ አለ አይደል?»

አባቴ ዞረ። ቅርንጫፉን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞታል። አየው፤ አልመለሰም።

የማዶሎ ዓይን ቅርንጫፉ ላይ ዐረፈ። ቆቡን አወለቀ። «ውይ… ይቅርታ። ይቅርታ ወንድሜ። አላየሁም።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደኔ ዞረ። «እንኳን ልትወስዱት መጣችሁ። ቶኮ፣ አይዞሽ።»

ወደ ምሰሶው ቀና አለ። ቀይ የለም። ወደ ባህሩ አየ፤ ጭጋግ። ራሱን ነቅንቆ ራቅ ብሎ ሄደ፤ ሥርዓታችንን ላለመረበሽ ሃያ እርምጃ ያህል። መነጽሩን አወለቀ፣ ቀኝ ጫማው ውስጥ ከተተ፣ ገባ።

እኔ ሰንሰለቱን ሰምቻለሁ። መረቡ እንደሌለ አውቃለሁ። አፌን አልከፈትኩም። ለረጅም ዘመን አፌን የዘጋው ሥርዓቱ ነው እያልኩ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ የዘጠኝም የአሥርም ዓመት ልጅ የእናቷን ትእዛዝ ትፈጽማለች። ግን ግድግዳው በኩል የሰማሁት «ሰውየውን ደግሞ አሳየን» የሚለውም ያን ጊዜ በጆሮዬ ነበር። የቱ እንደዘጋው ዛሬም አላውቅም።

ጭጋጉ ቀስ እያለ ይነሣ ጀመር። ወፎቹ መጡ። ከማዶሎ ወዲያ ባህሩ ጠቆረ፣ ፈላ፤ ሰርዲኑ እየዘለለ እንደ ተበተነ ሳንቲም ያብለጨልጫል። ከዚያ አንድ ክንፍ አየሁ። ሁለተኛም። ማዶሎ ፊቱን ውሃ ውስጥ ከትቶ ወደነሱ ይቀዝፋል፤ ያለ መነጽር ወፎቹን እንኳ የሚያይ አይመስልም።

አባቴ ቅርንጫፉን ወደ ፊቱ አስጠግቶ መናገር ጀመረ።

«ላንጋ፣ ታየዋለህ? እሱ ነው። እኔ ለሱ መናገር አልችልም፤ ዛሬ የምናገረው ላንተ ብቻ ነው። ሠላሳ አንዱን እኔና ቶኮ ወሰድንልህ። የዚህን አንተ ፍረድ። ውሃው ውስጥ ያለኸው አንተ ነህ።»

ስለ ክንፈ ቦዳሳው ሻርክ የሚያወራ መሰለኝ። ግደለው ላንጋ፣ አልኩ እኔም በልቤ፣ ግደለው። ከአባቴ እጅ ደም ወደ ክንዱ ይወርዳል፤ እሾሁን ጨብጦታል። ክንፎቹ ማዶሎን ዞሩት። አንዱ ከእግሩ ሥር አለፈ፤ ጥላውን አየሁት። አባቴ አንድ እርምጃ ወደ ውሃው ሄደ፤ ቃል ከአፉ የሚወጣ መሰለኝ። አልወጣም።

ምንም አልሆነም።

ሻርኮቹ ሰርዲን ነበር የፈለጉት፤ ባህሩ ሙሉ ሰርዲን ነው። ማዶሎ እንደ ወትሮው ሄዶ ተመለሰ፣ ደረቱ ላይ የደረሰ ውሃ ውስጥ ቆሞ ፊቱን በእጁ ጠረገ፣ እየተንገዳገደ ወጣ። በብርድ ይስቃል። ወደ ጫማው ሄደ፣ መነጽሩን አወጣ፣ በፎጣው ጫፍ ወለወለና አጠለቀ።

ዞሮ ባህሩን አየ።

ፀሐይ ወጥታ ነበር። ቢጫ የሚባል ነገር ውሃው ላይ የለም። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር፣ ወፍ፣ ክንፍ። አፉ ተከፈተ። ጣቱን አንሥቶ እንደሚቆጥር ሰው አየር ላይ ያዘው፣ ጣለው። ጎንበስ ብሎ ትልልቅ ጉልበቶቹን በሁለት እጁ ያዘ። ወደ ምሰሶው ቀና አለ። ከዚያ ወደ አባቴ።

አባቴ ዓይኑን ሳይነቅልበት አንገቱን ወደ ቅርንጫፉ ዘንበል አደረገ። ድምፁን ግን ከፍ አድርጎ፣ በሚገባ እንዲሰማ፣

«ላንጋ ልጄ» አለ፣ «ቀዩ ገና ነው። አራት ሰዓት አልሞላም።»

ቋንቋችንን እንደኛ ያውቃል ብያለሁ።

ማዶሎ የገዛ ቃሉን አወቀው። አልተቆጣም፣ አልለመነም። ፎጣው ከእጁ ወደቀ፤ አላነሣውም። ጫማዎቹን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ፣ ውሃው ከቁምጣው እየተንጠባጠበ፣ በአጠገባችን አለፈ። ለካራሜላ የለመደ እጄን ሳላስበው ዘረጋሁ፤ አላየኝም። የሆቴሉን ደረጃ በባዶ እግሩ ወጥቶ ሄደ።